ባሪቶን ኤሌክትሪክ ጊታር በአቅም፦ ጅማ ላይ ለሚጫወት ሰው የትኛው ይሻላል?

ባሪቶን ጊታር፣ ማለትም ከመደበኛው ረዘም ያለና ወረድ ብሎ የሚቃኝ ጊታር፣ ሊገዛ ያሰበ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «የቱ ብራንድ ይሻላል?» ብሎ ነው። እኔ ግን ከብራንዱ በፊት ሜትር አንሱ እላለሁ። ይህን ጊታር ከሌላው የሚለየው የክሩ ርዝመት ነው። ርዝመቱን ስትመርጡ ቅኝቱን፣ የክሩን ውፍረትና የእጃችሁን ምቾት አብራችሁ መረጣችሁ ማለት ነው። ቀለሙና ስሙ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

ጅማ ላይ ደግሞ ሌላ ጥያቄ ይጨመራል። ክሩ ሲበጠስ ከየት ይመጣል? ከአዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀን ነው ያለነው። የባሪቶን ክር አዲስ አበባም ቢሆን ገብቶ የሚነሳ ዕቃ አይደለም። ስለዚህ እዚህ የሚመረጠው ጊታር ድምፁ ብቻ ሳይሆን አያያዙም የሚቻል መሆን አለበት።

ይህን የምጽፈው መደበኛ ኤሌክትሪክ ጊታር ይዞ በቤተ ክርስቲያን ባንድ፣ በሠርግ ወይም በሆቴል መድረክ ለሚጫወት፣ አልያም ቤቱ ቁጭ ብሎ በላፕቶፕ ለሚቀዳ ሰው ነው። ወረድ ያለ፣ ወፈር ያለ ድምፅ ይፈልጋል። ገንዘቡ ግን ልክ አለው።

መጀመሪያ ቅኝቱን ወስኑ

መደበኛ ጊታር ከወፍራሙ ክር ጀምሮ ኢ፣ ኤ፣ ዲ፣ ጂ፣ ቢ፣ ኢ ነው። ወፍራሙ ኢ 82 ኸርዝ አካባቢ ይሰማል። ባሪቶን ብዙ ጊዜ ከዚህ ወርዶ ቢ፣ ኢ፣ ኤ፣ ዲ፣ ኤፍ ሻርፕ፣ ቢ ተብሎ ይቃኛል። ወፍራሙ ቢ 62 ኸርዝ ገደማ ነው። ሁለተኛው የተለመደ ቅኝት ኤ፣ ዲ፣ ጂ፣ ሲ፣ ኢ፣ ኤ ነው፤ እሱ 55 ኸርዝ ይደርሳል። ቤዝ ጊታር 41 ኸርዝ ላይ ነው የሚጀምረው። ባሪቶን በሁለቱ መካከል ገብቶ ይቀመጣል።

ደስ የሚለው ነገር ጣታችሁ አዲስ ነገር አይማርም። የኮርዱ ቅርጽ ያው ነው፤ የሚወጣው ኮርድ ብቻ ይለወጣል። በቢ ቅኝት ጂ ስትይዙ ዲ ይወጣል። ሲ ስትይዙ ጂ፣ ዲ ስትይዙ ኤ፣ ኢ ስትይዙ ቢ ይሰማል። በኤ ቅኝት ደግሞ ጂ የነበረው ሲ፣ ሲ የነበረው ኤፍ፣ ኤፍ የነበረው ቢ ፍላት ይሆናል። ከሳክስፎንና ከትራምፔት ጋር የምትጫወቱ ከሆነ ቢ ፍላትና ኤፍ ቶሎ ቶሎ ስለሚመጡ የኤ ቅኝት ይመቻችኋል። ከኪቦርድና ከዘማሪ ጋር ብቻ ከሆነ ቢ ይበቃል።

ዘፋኙ ድምፁ ወፍራም ከሆነ ባሪቶን ትልቅ ወዳጅ ነው። ዘፈኑን ዝቅ አድርጋችሁ ያንኑ ክፍት ኮርድ እንደያዛችሁ ታጅቡታላችሁ። ትዝታን ቀስ እያላችሁ በአውራ ጣት ስትነጥሉበት ደግሞ ክሩ ረጅም ጊዜ ይዘምራል። የበገናን ድምፅ የሚወድ ጆሮ ይህን ድምፅ ይወደዋል ብዬ አምናለሁ።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። አምባሰልና አንቺሆዬ ውስጥ ግማሽ ድምፅ ብቻ የሚራራቁ ኖታዎች አሉ። እነሱን ከታች ባሉት ወፍራም ክሮች ላይ አንድ ላይ ከመታችኋቸው ድምፁ ይደፈርሳል። አንድ በአንድ መንጠል ነው። ስድስቱንም ክር ባንዴ መምታት የለመደ እጅ ባሪቶን ላይ መታገስ አለበት። ባንዱ ውስጥ ቤዚስት ካለ፣ የኪቦርዱ ግራ እጅም ታች ከወረደ፣ ሦስታችሁ አንድ ቦታ ትጋፋላችሁ። ያኔ ከመካከለኞቹ ክሮች ወደ ላይ ተጫወቱ።

ርዝመቱ ለምን ይህን ያህል ያስጨንቃል

የክር ርዝመት ስንል ክሩ አንገቱ ጫፍ ላይ ከሚያርፍባት ነት እስከ ብሪጁ (ገላው ላይ ያለው የክሩ ማረፊያ) ያለውን ነው። የስትራቶካስተርና የቴሌካስተር ዓይነት መደበኛ ጊታር 25.5 ኢንች ነው። የሌስ ፖል ዓይነቱ 24.75 ነው። ቤዝ 34 ነው። ባሪቶኖች ከ26.5 እስከ 30 ኢንች ድረስ ይገኛሉ።

አንድን ክር ከኢ ወደ ቢ ስታወርዱት ውጥረቱ ወደ 56 በመቶ ይወርዳል። ወደ ኤ ካወረዳችሁት ደግሞ 45 በመቶ ብቻ ይቀራል። ክሩ ይላላል፣ ፍሬት (አንገቱ ላይ የተተከለው የብረት መስመር) ላይ እየነካ ዝዝ ይላል፣ ጠንከር አድርጋችሁ ስትመቱት ድምፁ ከቅኝት ይወጣል። ይህን ለማስተካከል ሁለት መንገድ አለ፦ ወፍራም ክር መጠቀም ወይም ክሩን ማስረዘም። ባሪቶን ሁለቱንም ይጠቀማል።

በቁጥር እንየው። የክር ቁጥር ውፍረቱን በኢንች ሺኛ ይናገራል። መደበኛ 46 ቁጥር ወፍራም ክር ኢ ላይ የሚሰጣችሁን ውጥረት ቢ ላይ ለማግኘት፣ 25.5 ኢንች ጊታር ላይ 62 አካባቢ የሆነ ክር ያስፈልጋል። 27 ኢንች ላይ 58 ይበቃል። 29.75 ኢንች ላይ 53። ኤ ላይ ከሆነ ቁጥሮቹ በግምት 69፣ 65 እና 59 ይሆናሉ። ክር ሲወፍር ድምፁ ጭልጭል ማለቱ ይቀንሳል፣ እየደነዘዘ ይሄዳል። ረጅሙ ጊታር ቀጭን ክር ስለሚበቃው ድምፁ ጥርት ይላል። ለዚያ ጥራት የሚከፈለው በእጅ ነው።

የመጀመሪያው ፍሬት ስፋት 25.5 ኢንች ላይ 36 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። 27 ላይ 38.5 ይሆናል። 29.75 ላይ ከ42 ያልፋል። አራት ፍሬት ዘርግታችሁ የምትይዙት ኮርድ በመደበኛው 13.4 ሴንቲ ሜትር ሲሆን በረጅሙ 15.6 ይሆናል። ትንሽ እጅ ላለው ሰው ይህ ቀልድ አይደለም። ፈጣን ሶሎ የሚጫወትም ሰው ያስብበት።

ያላችሁን ጊታር መለወጥ

በጣም ርካሹ መንገድ ይህ ነው። ከ13 እስከ 62 ያለ የክር ስብስብ ገዝታችሁ 25.5 ኢንች ጊታራችሁን ወደ ቢ ማውረድ ትችላላችሁ። ውጥረቱ ከለመዳችሁት ጋር ይመሳሰላል። ድምፁ ከእውነተኛ ባሪቶን ትንሽ ደነዝ ይላል፤ ግን ባሪቶን ለእናንተ ይሁን አይሁን ለማወቅ በቂ ነው።

ችግሩ ነቱ ላይ ነው። የነቱ ቦይ የተቆረጠው ለ46 ነው። 62 አይገባበትም። በኃይል ብትጫኑት ነቱ ይሰነጠቃል ወይም ክሩ ከፍ ብሎ ይቀመጥና የመጀመሪያዎቹ ፍሬቶች ላይ ቅኝቱ ይበላሻል። ቦዩ መሞረድ አለበት። አንዴ ከተሞረደ ደግሞ ወደ ቀጭን ክር ስትመለሱ ክሩ በሰፊው ቦይ ውስጥ ይንቀጠቀጣል። ስለዚህ የመጀመሪያውን ነት አውጥታችሁ አስቀምጡት፤ ለወፍራሙ ክር ሌላ አሠሩ። ነት ከከብት አጥንት ይሠራል፤ ደህና ነት ነው የሚወጣው። እጁ ረጋ ያለ የጅማ እንጨት ሠሪ ዋናውን ነት አይቶ መቅረጽ አያቅተውም። ቦዩን ግን ቀጭን ሞረድ ይዞ፣ ክሩን እያስገባ እየለካ ቀስ ብሎ ያውርደው።

ብሪጁም ይታያል። ወፍራም ክር ቅኝቱ በሁሉም ፍሬት ላይ እንዲስተካከል ማረፊያው ወደ ኋላ መሄድ አለበት። አንዳንድ ጊታር ላይ ብሎኑ ያልቅና መሄጃ ያጣል። ፍሎይድ ሮዝ (ክሩን የሚቆልፍ ተወዛዋዥ ብሪጅ) ያለበትን ጊታር ለዚህ ሥራ አትንኩት። ስፕሪንጉ፣ ነቱ፣ ብሪጁ ሁሉ እንደ አዲስ መስተካከል አለበት። ብሪጁ የማይንቀሳቀስ ጊታር ይመረጣል። ሌስ ፖል ዓይነቱ አጭር ስለሆነ ለቢ አይመከርም፤ ሲ ድረስ ብታወርዱት ይበቃዋል።

ሰባት ክር ያለው ጊታር በገበያ ከባሪቶን ይልቅ በብዛት ይገኛል። ታችኛው ክሩ ቢ ነው፣ ላይኛውም ኢ ይቀርላችኋል። ብዙዎቹ ግን 25.5 ኢንች ናቸው፣ አንገታቸውም ሰፊ ነው። ከባድ ሮክ ለሚጫወት መልካም ነው። ክፍት ኮርድ ለሚወድ ግን አይመቸውም።

27 ኢንች፦ ለአብዛኛው ሰው የምመክረው

ስኳየር ፓራኖርማል ባሪቶን ካብሮኒታ ቴሌካስተር የዚህ ክፍል ዋና ተወዳዳሪ ነው። 27 ኢንች ነው። ሁለት ሶፕባር ፒክአፕ (የክሩን ንዝረት ወደ አምፑ የሚልከው ክፍል) አለው፤ ፒ 90 የምንለው ዓይነት፣ ወፈር ያለ ነጠላ ጥቅል። ክሩ በገላው ውስጥ አልፎ ይታሰራል፣ ብሪጁ አይንቀሳቀስም፣ አንገቱ በብሎን የተያዘ ነው። ከፋብሪካ የሚመጣው ቢ ላይ ተቃኝቶ ነው።

እነዚህ ነገሮች ለእኛ ምን ትርጉም አላቸው? ብሪጁ የማይንቀሳቀስ ቀላል ዓይነት ስለሆነ ማንም ጊታር ያስተካከለ ሰው ያውቀዋል። በብሎን የተያዘ አንገት ይፈታል፤ ከውጭ በሻንጣ ለሚያመጣ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። 1.5 ኢንች ብቻ ስለሚረዝም ጣታችሁ ቶሎ ይለምደዋል። ዛሬ መደበኛውን፣ ነገ ባሪቶኑን መጫወት ትችላላችሁ። አምስተኛው ፍሬት ላይ ካፖ (ሁሉንም ክር ባንዴ የሚጫን መያዣ) ካሰራችሁበት ደግሞ መደበኛ ቅኝት ይሆናል። አንድ ጊታር ብቻ ተሸክሞ ሠርግ የሚሄድ ሰው ይህን ያደንቃል።

ድክመቱ ኤ ላይ ነው። 27 ኢንች ላይ ኤ ለማውረድ 65 አካባቢ ክር ያስፈልጋል፣ ድምፁም ያን ያህል አይጠራም። እንደ ፒያኖ ወፍራም ሽቦ የሚጮኸውን ባሪቶን የሚፈልግ ሰው እዚህ አያገኘውም።

ሃርሊ ቤንተን የጀርመኑ ቶማን ሱቅ የራሱ ብራንድ ነው። ባሪቶኖቹ በዋጋ ከስኳየርም ይወርዳሉ። እንጨቱና አሠራሩ ለገንዘቡ ከሚጠበቀው በላይ ነው፤ ፍሬቱና ነቱ ግን አንዳንዴ ሲደርስ እጅ ይፈልጋል። አውሮፓ ዘመድ ላለው ሰው ጥሩ ምርጫ ነው። ርዝመቱ ከሞዴል ሞዴል ስለሚለያይ ከማዘዛችሁ በፊት ሚሊ ሜትሩን አንብቡ። 686 ካለ 27 ኢንች ነው፤ 762 ካለ 30 ነው።

ፒአርኤስ ኤስኢ 277 ስሙ ራሱ ርዝመቱን ይናገራል፦ 27.7 ኢንች። አሠራሩ ከስኳየር የተሻለ ነው፣ ዋጋውም ከፍ ይላል። የአይባኔዝ ባሪቶን አርጂዎች 28 ኢንች ናቸው፤ ሃምበከር (ባለ ሁለት ጥቅል ፒክአፕ) ያላቸው፣ ለዲስቶርሽን የተሠሩ። ያገለገለ ካጋጠማችሁ ሁለቱም ይገዛሉ። አዲስ ለመግዛት ግን «በአቅም» ከሚለው ሐሳባችን ወጣ ይላሉ።

ወደ 30 ኢንች፦ ጥራት ለሚፈልግ

ዳንኤሌክትሮ በ1950ዎቹ መጨረሻ የኤሌክትሪክ ባሪቶንን ለገበያ ያቀረበ ኩባንያ ነው። የዛሬው 56 ባሪቶኑ 29.75 ኢንች ነው። ገላው ውስጡ ባዶ፣ ፊቱና ጀርባው ሜሶናይት ነው። ቀላል ስለሆነ ሁለት ሰዓት ቆሞ ለሚዘምር ትከሻ ያሳርፋል። ፒክአፖቹ ሊፕስቲክ ይባላሉ፤ ድሮ በእውነት የሊፕስቲክ ቀፎ ውስጥ ነበር የሚሠሩት። ድምፁ ብሩህ፣ ደወል ደወል የሚል ነው። በናሽቪል ስቱዲዮዎች ቆመው የሚጫወቱትን ትልቁን ቤዝ እየተከተለ እያንዳንዱን ኖታ ጥርት አድርጎ የሚያሰማው መሣሪያ ይህ ዓይነቱ ነበር። የሰርፍ ሙዚቃና የካውቦይ ፊልሞች ጊታርም ከዚህ ቤተሰብ ነው።

እኔ ድምፁን በጣም እወደዋለሁ። ለጅማ ግን አንድ ስጋት አለኝ። ሜሶናይት የእንጨት ጭረት ተጨምቆ የሚሠራ ሰሌዳ ነው። ውሃ ጠርዙን ካገኘው ያብጣል። ቀለሙ ጤነኛ እስከሆነ ችግር የለም፤ የተፋቀ ወይም የተሰነጠቀ ያገለገለ ዳንኤሌክትሮ ግን ክረምታችን አይምረውም።

ግሬች ጂ 5260 ጄት ባሪቶንም 29.75 ኢንች ነው። እሱ ደግሞ ሌላ ሰው ነው። ገላው ማሆጋኒ፣ ፒክአፖቹ ሚኒ ሃምበከር ናቸው። ድምፁ ከዳንኤሌክትሮ ጠቆር፣ ሞላ ያለ ነው። ክብደት አለው። ቢግዝቢ (ድምፁን የሚያወዛውዝ እጀታ ያለው ብሪጅ) ያለበትም ሞዴል አለ፤ ድምፁን የማወዛውዝበት ምክንያት የለኝም የሚል ሰው ቢግዝቢ የሌለውን ይውሰድ። ቅኝቱ ይጸናል፣ ክር መቀየሩም ይቀላል።

ሁለቱን አፋጥጬ ብመርጥ፣ መድረክ ላይ ለሚውል ግሬች፣ ቤት ለሚቀዳ ዳንኤሌክትሮ እላለሁ። ምክንያቱ ፒክአፑ ነው። ነጠላ ጥቅል ፒክአፕ የመብራቱን እምምታ ይሰበስባል። የሊፕስቲኩም፣ የስኳየሩ ሶፕባርም እንደዚያው። ብዙ አዳራሾቻችን የመሬት መስመር የላቸውም፣ ጣሪያው ላይ ያሉት መብራቶችም አይረዱም። ሃምበከር ሁለት ጥቅል ስላለው ያን እምምታ እርስ በርሱ ያጠፋዋል። ቤት ሆናችሁ ስትቀዱ ግን መብራቱን ማጥፋት፣ ከላፕቶፑ ራቅ ብሎ ዞር ማለት ይቻላል።

ቤዝ ሲክስ ባሪቶን ነው?

አይደለም፤ ብዙ ሰው ግን ያምታታዋል። ፌንደር ቤዝ ሲክስን በ1961 አወጣ። 30 ኢንች ነው፣ የሚቃኘው ከጊታር አንድ ኦክታቭ ወርዶ ኢ እስከ ኢ ነው። ስኳየር ክላሲክ ቫይብ ቤዝ ሲክስ ዋጋው የሚቀመስ ቅጂው ነው። ክሮቹ ከ24 እስከ 84 ናቸው። ክፍት ኮርድ ብትመቱበት ጭቃ ነው። ቤዚስት በሌለበት ባንድ ቤዙንም ሶሎውንም አንድ ሰው ልያዝ ካለ ግን ይህን የሚተካ የለም። ክሩን ቀይራችሁ ኤ ላይ ብትቃኙት ጥሩ ባሪቶን ይወጣዋል፤ ነቱ ግን ለወፍራም ክር የተቆረጠ መሆኑን አትርሱ።

አንገት ብቻ መቀየር

ቴሌካስተር ወይም ስትራቶካስተር ዓይነት ጊታር ካላችሁ የባሪቶን አንገት ለብቻው ይሸጣል። ዋርሞዝ የሚሠራው 28 ከ5/8 ኢንች የሚሆን አንገት ብሪጁን ሳታነሱ መደበኛው ገላ ላይ ይገጠማል። ሐሳቡ ያምራል። ዋጋውን ሳየው ግን አንገቱ ብቻ ከአንድ ሙሉ ስኳየር ብዙም አይርቅም። ገላውንና ፒክአፑን በጣም ለሚወድ ሰው ካልሆነ አልመክረውም።

አንገቱን እዚሁ እናሠራው የሚሉ ልጆች አሉ። ገላ ከዋንዛ መሥራት ይቻላል፤ ጅማ በእንጨት ሥራ የምታፍር ከተማ አይደለችም፣ በርጩማዋ ምስክር ነው። የፍሬት ቦይ ግን ከሚሊ ሜትር ባነሰ ስህተት ቅኝቱን ያጠፋል። የመቁረጫ ልክ በሌለበት አንገት አታሠሩ።

ክር፦ ከጊታሩ እኩል አስቡበት

ዳዳሪዮ ሁለት የባሪቶን ስብስብ አለው፦ ከ13 እስከ 62 እና ከ14 እስከ 68። ኧርኒ ቦል ከ13 እስከ 72 ያለ አለው። 27 ኢንች ላይ ቢ ከሆነ የመጀመሪያው ይስማማል። 27 ኢንች ላይ ኤ ከፈለጋችሁ ሁለተኛው። 29.75 ላይ ለኤም የመጀመሪያው በቂ ነው።

እነዚህ ሲጠፉ የሚያወጣ ዘዴ አለ። የሰባት ክር ጊታር ስብስብ ግዙ፤ ከ10 እስከ 59 ያለውን። ቀጭኗን 10 ተዉአት። የቀሩት ስድስቱ 13፣ 17፣ 26፣ 36፣ 46 እና 59 ናቸው። ከወፍራሙ ጀምሮ ቢ፣ ኢ፣ ኤ፣ ዲ፣ ጂ፣ ቢ እንዲሆኑ የታሰቡ ናቸው። ጂ የነበረችውን ወደ ኤፍ ሻርፕ አውርዷት፣ ባሪቶን ሆነላችሁ። ቀደም ብለን ለ27 ኢንች ያሰላነው 58 ነበር፤ 59 ሲገባ ልክ ነው። የሰባት ክር ስብስብ ደግሞ ከባሪቶን ክር በቀላሉ ይገኛል። 27 ኢንችን የምመርጥበት አንዱ ትልቅ ምክንያት ይህ ነው።

ረጅሞቹ ላይ ይህ ዘዴ ሁልጊዜ አይሠራም። ለመደበኛ ጊታር የተሠራ ክር 30 ኢንች ጊታር ላይ፣ በተለይ በገላው ውስጥ አልፎ የሚታሰር ከሆነ፣ ወፍራሙ ጥቅል ክፍል ነቱን ሳያልፍ ሊያልቅ ይችላል። ክሩን ዘርግታችሁ ሳትለኩ አትቁረጡት።

አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ባገኛችሁ ቁጥር አንድ ስብስብ አስመጡ። ሦስት ስብስብ ቤት ውስጥ ቢኖር አይበዛም።

አምፕ

ለባሪቶን የተለየ አምፕ አያስፈልግም። ትንሿ ባለ 6 ኢንች ስፒከር የልምምድ አምፕ 62 ኸርዝን በደንብ አታወጣም፤ ጆሯችን ግን ከላይ ከሚሰሙት ንዑስ ድምፆች ታችኛውን ይረዳዋል። መድረክ ላይ የኪቦርድ አምፕ ወይም በቀጥታ ሚክሰሩ ውስጥ መግባት ከትንሽ የጊታር አምፕ ይሻላል። አምፑ ላይ ቤዙን ቀነስ፣ መካከለኛውን ጨመር አድርጉ። ዲስቶርሽን የምትጠቀሙ ከሆነ ጌይኑን ከለመዳችሁት ዝቅ አድርጉት፤ አለበለዚያ ኖታው አይለይም።

መብራት ሲጠፋ ልምምድ እንዳይቆም በባትሪ የሚሠራ ትንሽ አምፕ ወይም በጆሮ ማዳመጫ የሚሰማ መሰኪያ ጥሩ ነው።

የጅማ ዝናብና የጊታሩ አንገት

ጅማ ዝናቧ ረጅም ነው። እንጨት እርጥበት ሲጠጣና ሲደርቅ ይንቀሳቀሳል። ረጅም አንገት ደግሞ ከአጭሩ በላይ ይሰማዋል። ክረምት ሲገባና በጋ ሲመጣ ክሩ ከፍሬቱ ያለውን ርቀት እዩት። ከፍ ካለ ወይም ዝዝ ካለ በትረስ ሮዱ (አንገቱ ውስጥ ባለው የብረት ዘንግ) ይስተካከላል። ሩብ ዙር ብቻ አዙራችሁ ጠብቁ። በነጋታው ለክታችሁ ካስፈለገ ሌላ ሩብ ጨምሩ። በአንድ ጊዜ ሙሉ ዙር ማዞር አንገቱን ሊጎዳው ይችላል።

ጊታሩን ከአፈር ወይም ከድንጋይ ግድግዳ ጋር አታስጠጉት። በሻንጣው ውስጥ፣ ከጫማ ካርቶን የሚገኙትን እርጥበት መጣጭ ከረጢቶች ጨምራችሁ አስቀምጡት። ከተጫወታችሁ በኋላ ክሩን በደረቅ ጨርቅ ጥረጉ። በቀላሉ የማይገኝ ክር ዝጎ ሲጣል ያሳዝናል።

ሲገዛ የሚታይ

ዋጋ በብር አልጽፍም። ከሐምሌ 2016 የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ዛሬ የተጻፈ ዋጋ ነገ አይሠራም። ቅደም ተከተሉ ግን ይህ ነው። ከሁሉ የሚረክሰው ያላችሁን ጊታር መለወጥ ነው። ቀጥሎ ሃርሊ ቤንተን፣ ከዚያ ስኳየር ካብሮኒታ ይመጣሉ። ቤዝ ሲክስ፣ ግሬችና ዳንኤሌክትሮ ከነሱ በላይ ናቸው። ፒአርኤስና አይባኔዝ መጨረሻ ላይ ናቸው። ከውጭ የሚመጣ ከሆነ ቀረጡን አስቀድማችሁ ጉምሩክ ጠይቁ፤ ጊታሩ ከደረሰ በኋላ የሚደረግ ክርክር ትርፉ ድካም ነው።

ያገለገለ ከሆነ ሻጩ «ባሪቶን ነው» ስላለ አትመኑ። ሜትር ይዛችሁ ሂዱ። ከነቱ እስከ 12ኛው ፍሬት ለኩ። 32.4 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ወፍራም ክር የገባለት መደበኛ ጊታር ነው። 34.3 ከሆነ 27 ኢንች ነው። 37.8 ከሆነ 29.75 ነው። ከዚያ ስልካችሁ ላይ ባለው ቱነር 12ኛው ፍሬት ላይ ያለውን ሃርሞኒክ (ክሩን ሳትጫኑ ነካ ብቻ አድርጋችሁ የምታወጡትን ድምፅ) እና ተጭናችሁ የምታወጡትን ኖታ አወዳድሩ። እኩል መሆን አለባቸው። ካልሆኑ ብሪጁ ላይ መሄጃ ቀርቶት እንደሆነ እዩ። ትረስ ሮዱ የሚዞር መሆኑንም አረጋግጡ፤ የቆመ ትረስ ሮድ ያለበትን ባሪቶን በነጻ ቢሰጧችሁም ለጅማ አየር አይሆንም።

በአውሮፕላን የሚያመጣላችሁ ዘመድ ካለ ክሩን ያላላው፣ የአንገቱን ብሎኖች ይፍታ፣ ገላውንና አንገቱን ለየብቻ በልብስ ጠቅልሎ ሻንጣ ውስጥ ያስገባ። ብሎኖቹን በትንሽ ላስቲክ አድርጎ ገላው ላይ ይለጥፋቸው። ረጅሞቹ ሳይፈቱ ከመጡ መደበኛ የጊታር ቦርሳ ላይበቃቸው ስለሚችል የቤዝ ቦርሳ ያስፈልጋል። ጅማ ሲደርስ አንገቱን ግጠሙት፣ ክሩን አጥብቃችሁ አንድ ቀን አሳድሩት። ቅኝቱንና የክሩን ከፍታ የምታስተካክሉት ከዚያ በኋላ ነው።